ከማህደር የወጣ ጩኸት

ብላክውድ በደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች መካከል ያለች ትንሽ የቀድሞ የከሰል ከተማ ናት። በ1839 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመምረጥ መብት ይሰጠን ያሉ የሠራተኞች መሪዎች እዚያ መከሩና ሕዝቡን አስከትለው ወደ ኒውፖርት ወረዱ። ወታደር ተኮሰባቸው፤ ሃያ ያህል ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ተኩል የአካባቢው ኑሮ ከሰል፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ራግቢና የሠራተኛ ማኅበር ነበር። በማርች 1984 የማዕድን ሠራተኞች አድማ መቱ፤ ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ከቆዩ በኋላ በማርጋሬት ታቸር መንግሥት ተሸንፈው ወደ ሥራ ተመለሱ። ጉድጓዶቹም አንድ በአንድ ይዘጉ ጀመር፤ ለብላክውድ ቅርብ የነበረው የኦክዴል ጉድጓድ ተራው የደረሰው በ1989 ነው። በኦክዴል ትምህርት ቤት ያለፉ አራት ልጆች ይህን ሁሉ ያዩት ጢማቸው ገና እያጎነቆለ ሳለ ነው።

ከአራቱ ሁለቱ፣ ጄምስ ዲን ብራድፊልድና ሾን ሙር፣ ዘመዳሞች ናቸው። ሾን ወላጆቹ ሲለያዩ እነ ጄምስ ቤት ገባና እንደ ወንድማማች አብረው አደጉ። ጄምስ ጊታር ይመታል፣ ይዘፍናልም፤ ሾን ድራም ላይ ነው። ሦስተኛው ኒኮላስ (ኒኪ) ጆንስ ነው፤ በቁመቱና በቅጥነቱ «ዋየር» የሚል ስም ወጣለት፣ ቤዝ ጊታር ያዘ። አራተኛው ሪቺ ኤድዋርድስ ዘግይቶ የመጣ ነው። መጀመሪያ መኪናቸውን ይነዳ ነበር፤ ጊታር ተሰጥቶት መድረክ ላይ ሲወጣም መምታቱን በቅጡ አያውቅም፣ ለማወቅም ብዙ አልደከመም። የእሱ ሥራ ሌላ ነበር። እሱና ኒኪ ሁለቱም በስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ መጽሐፍ የማይጠግቡ ልጆች ነበሩ፤ ግጥሙን እነሱ ይጽፋሉ፣ ጄምስና ሾን ዜማውን ያበጃሉ። ገጣሚና ዜማ ደራሲ ለየብቻ መሆናቸው ለእኛ አገር አድማጭ አዲስ ነገር አይደለም። በሮክ ዓለም ግን ዘፋኝ የራሱን ቃል እንዲዘፍን ይጠበቃል። ይህች የሥራ ክፍፍል የባንዱን ታሪክ እስከ መጨረሻው ትከተለዋለች፤ ግጥሙ ይቀድማል፣ ድምፁ ግጥሙን ተከትሎ ይመጣል።

ባንዱ የተመሠረተው በ1986 ነው። ስሙን በተመለከተ የሚነገር ወሬ አለ፤ ጄምስ ካርዲፍ መንገድ ላይ ጊታር ሲመታ አንድ አላፊ አግዳሚ ያበደ የመንገድ ሰባኪ ነህ ወይ ብሎ ቢሰድበው፣ ስድቡን ወስደው «ማኒክ ስትሪት ፕሪቸርስ» ተባሉ ይላል። በ1988 የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸውን በራሳቸው ገንዘብ፣ በሦስት መቶ ቅጂ አሳተሙ። ዘመኑ የማንችስተር የጭፈራ ሙዚቃ የነገሠበት፣ ሰፊ ሱሪና ሰነፍ ፈገግታ ፋሽን የሆነበት ነበር። እነዚህ ደግሞ በፓንክ ባንዱ በዘ ክላሽ ፍቅር የተያዙ ናቸው። ጠባብ ነጭ ሱሪ ለብሰው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ ሸሚዛቸው ላይ በቀለም መፈክር ጽፈው፣ የአሥር ዓመት ዕድሜ ያለፈበትን ፓንክ እየጮኹ ለንደን ገቡ። የሳቀባቸው ብዙ ነው።

ሜይ 15 ቀን 1991 ኖርዊች ከተማ ውስጥ ካቀረቡት ዝግጅት በኋላ፣ የሙዚቃ ጋዜጣው የኤን.ኤም.ኢ. ጸሐፊ ስቲቭ ላማክ ነገራችሁ ማስመሰል አይመስልም ወይ ብሎ ሪቺን ሞገተው። ሪቺ ረጋ ብሎ እየመለሰ ክንዱን በምላጭ እየቆረጠ «የምር» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ጻፈበት፤ ሐኪም ቤት ተወስዶ ተሰፋ። ፎቶግራፉ በዓለም ዞረ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሶኒ ኩባንያ ጋር ውል ፈረሙ። ይህን ምሽት እስከ ዛሬ እንደ ጀብዱ የሚያወሩት አሉ። እኔ የማየው ሊረዳው የሚገባ ሰው አጠገቡ እያለ በአደባባይ የሚታመም ወጣት ነው።

የመጀመሪያው አልበም «ጀነሬሽን ቴረሪስትስ» በፌብሩዋሪ 1992 ወጣ። ከመውጣቱ በፊት አሥራ ስድስት ሚሊዮን ቅጂ እንሸጣለን፣ ከዚያ እንበተናለን ብለው ፎክረው ነበር። አልሸጡም፣ አልተበተኑም። አሥራ ስምንት ዘፈን የታጨቀበት፣ የሾን ድራም እንኳ በማሽን የተቀነባበረበት፣ ከልኩ በላይ የተወለወለ ሥራ ነው፤ በብሪታንያ ሰንጠረዥ 13ኛ ሆነ። በ1993 «ጎልድ አጌንስት ዘ ሶል» ተከተለ፤ የአሜሪካን ስታዲየም ሮክ የሚመስል፣ በውድ ስቱዲዮ የተቀረጸ አልበም። ራሳቸውም ኋላ ላይ አፈሩበት። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ፣ ገና ማንም ሳያውቃቸው ቤቱ አስገብቶ ያኖራቸው ሥራ አስኪያጃቸው ፊሊፕ ሆል በካንሰር ሞተ። ባንዱ ሐዘን ላይ ነበር፤ ሪቺ ደግሞ መብላት እየተወ፣ መጠጥ እያበዛ ሄደ።

ለሦስተኛው አልበም ኩባንያው ባርባዶስ ሂዱና ቅረጹ አላቸው። እምቢ ብለው ካርዲፍ ውስጥ፣ ሴተኛ አዳሪዎች በሚቆሙበት ሰፈር፣ ሳውንድ ስፔስ የሚባል ጠባብና ርካሽ ስቱዲዮ ገቡ። ፕሮዲዩሰር አልቀጠሩም፤ አሌክስ ሲልቫ ከሚባል የድምፅ ባለሙያ ጋር ራሳቸው ሠሩት። ከግጥሙ ሦስት አራተኛው ያህል የሪቺ ነው። ስለ ሞት ቅጣት፣ ስለ ገላ ንግድ፣ ስለ አኖሬክሲያ፣ ስለ አሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ፣ ስለ ናዚ ማጎሪያዎች የተጻፈ ነው፤ ቀደም ሲል ጀርመን ሲዞሩ የዳካውንና የቤልሰንን ቦታዎች በዓይናቸው አይተዋል።

ወረቀቱ እጁ የሚገባው ጄምስ ነበር። ገጹ ከዳር እስከ ዳር በቃል የተሞላ ነው፤ ቤት አይመታም፣ ስንኙ ርዝመቱ አይመጣጠንም፣ ለዝማሬ የሚሆን ማረፊያ የለውም። በዚህ ላይ እንዴት ዜማ አወጣለሁ ብሎ ሪቺን በልቡ እንደረገመው ኋላ ላይ ተናግሯል። መፍትሔ ያገኘው ቃሉን በማስተካከል አልነበረም። አንዱን ሐረግ በአንድ ትንፋሽ እያፈጠነ፣ ሌላውን ከመካከሉ እየሰበረ፣ ትርጉሙ ሳያልቅ ትንፋሽ እየወሰደ ዘፈነው፤ አድማጩ ቃሉን ሳይሆን የቃሉን ግፊት ቀድሞ ይሰማል። ጊታሩም አብሮ ተለወጠ። የ1993ቱ ድሎት ጠፍቶ ቀጭን፣ ስለታም፣ የሚቧጭር ሆነ። ቤዙ ወደ ፊት መጣ፤ ሾን እንደ ሰልፍ ከበሮ ደረቅ አድርጎ ይመታል። የሞቱትን አይሁዶች በሚመለከተው ዘፈን ላይ ግን ጄምስ የሪቺን የመጀመሪያ ረቂቅ አልቀበልም ብሎ መልሷል፤ በእንዲህ ያለ ጉዳይ አቋም የማይታወቅበት ግጥም አልዘፍንም አለ። ሪቺም እንደገና ጻፈው። ዜማ ደራሲ ማለት የተሰጠውን ሁሉ የሚያዜም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በጁን 1994 የቢቢሲ «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» ላይ ቀርበው «ፋስተር» የተባለውን ዘፈን ሲጫወቱ የወታደር ልብስ ለብሰው ነበር፤ ጄምስ ፊቱን የሚሸፍን ጥቁር ጭምብል አጥልቋል። ወቅቱ የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር ታጣቂዎች ጭምብል ለእንግሊዝ ተመልካች ምን እንደሆነ የማይረሳበት ስለነበረ፣ ቢቢሲ 25,000 ያህል አቤቱታ ደረሰው ይባላል። አልበሙ «ዘ ሆሊ ባይብል» በሚል ስም፣ በሠዓሊዋ ጄኒ ሳቪል ሥዕል ተሸፍኖ በኦገስት መጨረሻ ወጣ። የኦኤሲስ የመጀመሪያ አልበምም የወጣው በዚያው ሳምንት ነው። አገሩ ቢራ ይዞ አብሮ የሚዘፍነውን መረጠ፤ የእነዚህኛው ሥራ 6ኛ ደረጃ ደርሶ ወዲያው ወረደ። ሪቺ በዚያ በጋ ሆስፒታል ገብቶ ስለነበር ባንዱ የሬዲንግ ፌስቲቫልን በሦስት ሰው ተጫውቷል። በዲሴምበር ለንደን አስቶሪያ ላይ አራቱም አብረው ቆሙ፤ በመጨረሻው ምሽት ዕቃቸውን ሁሉ ሰባብረው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ብሪታንያ ውስጥ በአራት ሰው አልታዩም።

በጃንዋሪ 1995 ሪቺ ለጓደኞቹ አንድ ማህደር ሰጣቸው። ውስጡ ግጥም፣ ስድ ጽሑፍ፣ ከመጽሔት የተቆረጠ ሥዕልና የእጅ ንድፍ ነበረበት፤ ላዩ ላይ የካርቱኑ ጥንቸል በግስ በኒ አለ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን ጠዋት እሱና ጄምስ ለማስተዋወቂያ ሥራ ወደ አሜሪካ መብረር ነበረባቸው። ሪቺ ለንደን ቤይስዎተር መንገድ ላይ ካለው ኤምባሲ ሆቴል በማለዳ ወጣ፤ አልተመለሰም። ከሁለት ሳምንት በኋላ መኪናው በሴቨርን ድልድይ አቅራቢያ ባለ የመንገድ ማረፊያ ተገኘች። ዕድሜው 27 ነበር። እዚህ አየነው፣ እዚያ አየነው የሚል ወሬ ለዓመታት ከጎዋና ከካናሪ ደሴቶች ሳይቀር ይመጣ ነበር፤ አንዱም አልተረጋገጠም።

ሦስቱ ከሪቺ ቤተሰብ ጋር ተማክረው ቀጠሉ። ምትክ ጊታሪስት በአባልነት አልወሰዱም፤ ከገቢው የእሱን አንድ አራተኛ ለብቻ ማስቀመጥ ጀመሩ። ኒኪ የጻፈው፣ ስለ ሠራተኛው ሕዝብ ክብር የሚናገር «ኤ ዲዛይን ፎር ላይፍ» በአፕሪል 1996 ወጥቶ ሁለተኛ ደረጃ ያዘ። አልበሙ «ኤቭሪቲንግ መስት ጎ» የተቀረጸው ኖርማንዲ ውስጥ፣ በፕሮዲዩሰሩ በማይክ ሄጅስ ቤት ነው። ቫዮሊን ገባበት፣ ዜማው ሰፋ፣ ጄምስ እስከሚችለው ድረስ ድምፁን ዘርግቶ ዘፈነ። ከማህደሩ የወጡ አራት ግጥሞችም በውስጡ አሉ። አንደኛው ሱዳን ውስጥ በረሃብ የወደቀ ሕፃንና አሞራ ፎቶ ያነሣውን፣ ፑሊትዘር ተሸልሞ በወራት ውስጥ ራሱን ያጠፋውን ደቡብ አፍሪካዊ ፎቶ አንሺ ኬቨን ካርተርን የሚመለከት ነው፤ የመለከቱን ሶሎ የተጫወተው ድራመሩ ሾን ነው። በ1997 የብሪት ሽልማት ምርጥ ባንድና ምርጥ አልበም ተባሉ። ከዚያ ቀደም ብሎም፣ በ1994 የጋረዳቸው ኦኤሲስ በኔብወርዝ ሜዳ ሩብ ሚሊዮን ሕዝብ ሲሰበስብ፣ ቀድመው ከሚጫወቱት አንዱ እነሱ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ብቻ ነው። የ1998ቱ አልበም ርእሱን የወሰደው የብሪታንያን የነፃ ሕክምና አገልግሎት ከመሠረተው የሸለቆው ልጅ ከአኒውሪን ቤቫን ንግግር ነው፤ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ስለ ዘመቱ ዌልሳውያን የሚናገረው ነጠላ ዜማ አንደኛ ደረጃ ያዘ። የ1999ን የመጨረሻ ሌሊት ካርዲፍ ሚሌኒየም ስታዲየም ውስጥ ከ50,000 በላይ ሰው ፊት አሳለፉ። ጥሩ ዘፈኖች ናቸው፤ እወዳቸዋለሁም። ነገር ግን በ1994 ያንን ጩኸት ሰምቶ የተከተላቸው ሰው በዚያ ስታዲየም ውስጥ እንግዳ ሆኖ ቢሰማው አልፈርድበትም። ሙዚቃው ዘገምተኛ፣ ለስላሳና የተከበረ ሆኖ ነበር።

ይህ ለራሳቸውም ተሰምቷቸዋል። በጃንዋሪ 2000 «ዘ ማስስ አጌንስት ዘ ክላስስ» የተባለ ሻካራ ነጠላ ዜማ ያለ ብዙ ማስታወቂያ አወጡ፤ አንደኛ ሆነ። በ2001 «ኖው ዩር ኤነሚ» መጣ፤ ከመውጣቱ በፊትም በፌብሩዋሪ ሃቫና ካርል ማርክስ ቲያትር ውስጥ ተጫወቱ፣ ፊደል ካስትሮም ተገኝተው አዩአቸው። ድምፁ ይጮኻል ብለው ሲያስጠነቅቋቸው ከጦርነት አይብስም የሚል መልስ ሰጧቸው። ወደ ጥንቱ ድምፅ ለመመለስ የተደረገው የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ይህ አልበም ነው፤ እንደኔ አልተሳካም። ጊታሩ ቆሽሿል፣ ቀረጻው ሆን ተብሎ ሻካራ ተደርጓል፤ ግን ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ሲሻገር መንገዱ ይጠፋል። ራሳቸው በ2022 እንደገና ሲያሳትሙት ለሁለት ከፍለው፣ ለስላሳውን ለብቻ፣ ኃይለኛውን ለብቻ አድርገውታል። ጊታር ማስጮህ ቀላል ነው፤ የሚያስጮኸው ነገር ግን በ2001 በእጃቸው አልነበረም።

ቀጥሎ ጭራሽ ተቃራኒውን ሞከሩ። የ2004ቱ «ላይፍብለድ» በኪቦርድ የተሞላ ቀዝቃዛ ሥራ ነው፤ 13ኛ ሆነና ጠፋ። በ2006 ጄምስና ኒኪ የየግላቸውን አልበም አወጡ፤ ነገሩ አበቃ ያለ ሰው ብዙ ነበር። በ2007 «ሴንድ አዌይ ዘ ታይገርስ» አስነሣቸው። ከስዊድናዊቷ ኒና ፐርሰን ጋር የተዘፈነው ነጠላ ዜማ ሁለተኛ ደረጃ ያዘ፤ ጊታሩም ተመለሰ። ይህም ግን የ1992ቱ ፈንጠዝያ እንጂ የ1994ቱ ጨለማ አልነበረም።

ማህደሩ በዚህ ሁሉ ጊዜ በኒኪ ዘንድ ነበር። ሃያ ስምንት ያህል ግጥሞች ያሉበት ሲሆን አራቱ በ1996 ወጥተዋል፤ የቀሩትን አሥራ ሦስት ዓመት ማንም አልነካቸውም። በ2008 እንሥራው ሲሉ ከሕግጋታቸው ዋናው፣ በአልበሙ ላይ ከሪቺ በቀር የማንም ቃል አይገባም የሚል ነበር። በዚህ አልበም ላይ ኒኪ የራሱን ግጥም አልጻፈም። ቀረጻው በ2008 መጨረሻና በ2009 መጀመሪያ ተካሄደ፤ መካከሉ ላይ፣ በኖቬምበር 2008፣ ፍርድ ቤት በወላጆቹ ጥያቄ ሪቺ እንደ ሞተ ይቆጠር ብሎ ወሰነ። ወላጆቹ በወረቀት ላይ ሲሸኙት ጓደኞቹ ግጥሙን እየዘፈኑ ነበር።

ቦታው ሞንመዝ አቅራቢያ ያለው ሮክፊልድ ነው፤ ሁለት ወንድማማቾች ከእርሻ ቤታቸው ያወጡት፣ ኩዊን በ1975 «ቦሂሚያን ራፕሶዲ»ን የጀመረበት ታዋቂ የዌልስ ስቱዲዮ። ለቀረጻው ከቺካጎ ስቲቭ አልቢኒን አስመጡ። አልቢኒ የኒርቫናን «ኢን ዩተሮ» የቀረጸ ሰው ነው፤ ፕሮዲዩሰር አትበሉኝ ይል ነበር፣ ከሽያጭ መቶኛ አይወስድም ነበር፣ ለሠራበት ቀን ብቻ ያስከፍል ነበር። ሥራው ማይክ በትክክለኛው ቦታ መትከልና ባንዱ የሚጫወተውን በቴፕ መያዝ ነበር። ኮምፒዩተር አይገባም፤ ሦስቱ አብረው ይጫወታሉ፤ ከተበላሸ እንደገና ይጫወቱታል። በቴፕ ላይ የሾን ድራም ሲመታ ድምፁ ክፍሉን መትቶ ሲመለስ ይሰማል። የቀረውን የቀድሞ ባልደረባቸው ዴቭ ኤሪንጋ ጨረሰው።

ነገር ግን የአልቢኒን ማይክ ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ድምፁን የለወጠው ያው የድሮው ወረቀት ነው። ጄምስ እንደገና ቤት በማይመታ፣ በማይመጣጠን፣ ቃል ላይ ቃል በተደራረበበት ገጽ ፊት ተቀመጠ። ዕድሜው ወደ 40 ተጠግቷል፤ ለአሥር ዓመት ለስታዲየም የሚመች ሰፊ ዜማ ሲያበጅ የኖረ ሰው ነው። ያ ልማድ እዚህ አልሠራለትም። «ፒልድ አፕልስ» ከፊልም በተወሰደ ንግግር ተከፍቶ ቤዙ እንደ ወፍጮ እየፈጨ ሲገባ፣ የ1994ቱ ጄምስ ተመልሶ ሲያፈጥን፣ ሲሰብርና ከመካከል ትንፋሽ ሲነጥቅ ይሰማል። ልክ እንደዚያን ጊዜ ግጥሙ ሌላ መውጫ አልሰጠውም።

ርእሶቹም ያው የሪቺ ናቸው። አንዱ ዘፈን ስሙን ያገኘው ቨርጂኒያ ውስጥ የሚጥል በሽታና የአእምሮ ዝግመት ያለባቸው ሰዎች ይዘጉበት ከነበረው ተቋም ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1927 እንዲህ ያሉ ሰዎችን በግዳጅ ማምከን ይቻላል ብሎ የፈረደው በዚያው ተቋም ጉዳይ ነበር። ሌላው በርእሱ መጽሐፈ መክብብን ያስታውሳል። «ሚ ኤንድ ስቲቨን ሆኪንግ» ላይ ቀልድ አለ፤ ይህን የምለው ሪቺን ሳቅ የማያውቅ ሰማዕት ያደረጉት ወዳጆቹ ስለበዙ ነው። ሁሉም ከባድ አይደለም፤ በአንዱ ላይ በገና መሳይ ሐርፕና አኮስቲክ ጊታር ብቻ ይሰማል። የመጨረሻውን፣ «ዊሊያምስ ላስት ወርድስ»ን፣ የዘፈነው ጄምስ ሳይሆን ዘፈን የማይሆንለት ኒኪ ነው። ከረዥም ስድ ጽሑፍ ቀንጭቦ ያወጣው እሱ ነው፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ከዜማው ይወርዳል። ብዙ ሰው የስንብት ደብዳቤ አድርጎ ያነብበዋል። ርእሱ ግን በሌላ ሰው ስም የተጻፈ ነውና፣ ጠፍቶ ስለቀረ ሰው ከአንድ ግጥም ተነሥቶ መፍረድ አይገባም።

አልበሙ «ጆርናል ፎር ፕሌግ ላቨርስ» ተባለ፤ ሜይ 18 ቀን 2009 ወጣ። ሽፋኑ እንደገና የጄኒ ሳቪል ሥዕል ነው፤ የልጅ ፊት፣ በወፍራም ቀይ ቀለም የተነካካ። አራት ትላልቅ የብሪታንያ ሱፐርማርኬቶች ደም ይመስላል ብለው ሽፋኑን በባዶ ወረቀት ሸፍነው ሸጡት። ጄምስ ተናደደ፤ በዚያው መደብር መጽሔት መደርደሪያ ላይ ሊራቆቱ የተቃረቡ ሰዎችና ጠመንጃ በግልጽ ይታያሉ፣ የብሩሽ ምልክት ግን ይሸፈናል አለ። ነጠላ ዜማ አላወጡለትም። ያም ሆኖ 3ኛ ደረጃ ያዘ። ከ1994ቱ በሦስት የተሻለ መሆኑ ነው። ለንደን ራውንድሃውስ ውስጥ በተከታታይ ምሽቶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወቱት።

ከዚያ ምን ሆነ? ትተውት ሄዱ። በ2010 ያወጡት «ፖስትካርድስ ፍሮም ኤ ያንግ ማን» በቫዮሊንና በመዘምራን የታጀበ፣ ሬዲዮ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ እንሞክር የተባለበት አልበም ነው። የሪቺ ቃል ሲያልቅ ድምፁም አለቀ። በ2013 ጸጥ ያለ አኮስቲክ ሥራ፣ በ2014 ከጀርመን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የተቀዳ «ፊውቸሮሎጂ»፤ ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ የኋለኛውማ ከምርጦቻቸው አንዱ ነው። በዲሴምበር 2014 «ዘ ሆሊ ባይብል» 20 ዓመት ሲሞላው የወታደር ልብሱን እንደገና ለብሰው ከግላስጎው ጀምረው አልበሙን በሙሉ በመድረክ ዞሩት፤ በጁን 2015 በካርዲፍ ቤተ መንግሥት ግቢ ጨረሱ። ከሃያ ዓመት በፊት ጥቂት ሰው የገዛውን አልበም ለመስማት ሰው ትኬት ተሻማ። በ2021 ለሁለተኛ ጊዜ በአልበም አንደኛ ሆኑ፤ ያም አልበም በፒያኖ የተጻፈ፣ የሰባዎቹን የስዊድን ፖፕ የሚያስታውስ ነው። አልቢኒ በሜይ 2024 በ61 ዓመቱ ሞተ። አሥራ አምስተኛው የባንዱ አልበም በፌብሩዋሪ 2025 ወጣ።

ባንዶች ሲያረጁ ወደ ጥንቱ ድምፃችን ተመለስን ማለት ይወዳሉ፤ አዲስ ሥራ ለመሸጥ ከዚህ የቀለለ ማስታወቂያ የለም። ማኒክስ ከሌሎቹ የሚለዩት በ2001 ፈልገው ያጡትን በ2009 ሳይፈልጉ ማግኘታቸው ነው፤ መነሻቸው ድምፅ አልነበረም፣ የጓደኛን ቃል ሳይለውጡ ማድረስ ነበር እንጂ። ከሁለቱ የቱ ይበልጣል ብትሉኝ የ1994ቱ ነው፤ የ2009ኙ ላይ የመካከለኛ ዕድሜ ሰዎች ጥንቃቄ አለበት፣ ሁለት ሦስት ዘፈኖችም ቢቀሩ አይጎድልም። ባንዱን የማያውቅ አንባቢ ታዋቂ ዘፈኖቻቸውን ካሰባሰበው አልበም ባይጀምር ጥሩ ነው። «ዘ ሆሊ ባይብል»ን፣ ከዚያ «ኤቭሪቲንግ መስት ጎ»ን፣ ከዚያ «ጆርናል ፎር ፕሌግ ላቨርስ»ን በዚህ ቅደም ተከተል ይስማ፤ የሪቺ ግጥም ዋናው ክፍል በእነዚህ ሦስቱ ውስጥ ነው። ከማህደሩ ከዚያ ወዲህ ሌላ አልበም አልወጣም።